እጁን ያላየው ካሜራ

አክስቴ ቀስ በቀስ እየጠፋች መሆኗን ከቤተሰቡ ሁሉ ቀድሜ ያወቅኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የጸጉር ፒኗ ጠፋ። ቀጥሎ ሻርፗ ጠፋ፤ ያ ሰማያዊው፣ ጠርዙ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ያለው። ከዚያ የምግብ ፍላጎቷ ጠፋ። በመጨረሻ ራሷም ከሰዓት በኋላ መጥፋት ጀመረች፤ «ልብስ ሰፊዋ ጋ ደርሼ መጣሁ» ብላ ትወጣና ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ትመለሳለች፤ በእጇ ግን አንድም የተሰፋ ነገር የለም። ሌላው ሰው እነዚህን ነገሮች ለየብቻቸው ነበር የሚያያቸው። እኔ የፊት ጥርሴ ወልቆ ገና ያልበቀለልኝ ልጅ ብሆንም ነገር ማገጣጠም እችልበት ነበር። ሌባውንም አውቄዋለሁ። ሌባው ምትሃተኛው ነው።

አባቴ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነበር። ሱቁ የቤታችን የፊት ክፍል ሲሆን፣ በመንገዱ በኩል ባለው መስኮት ላይ ፀሐይ ያደበዘዛት የአንዲት ሙሽራ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። ከሱቁ ጀርባ መጋረጃ አለ፤ ከመጋረጃው ጀርባ እኛ አለን። እኛ ማለት አባቴ፣ እናቱ አያቴ፣ ታናሽ እህቱ አክስቴና እኔ ነን። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም አልቆየችም፤ ስለዚህ ጸጉሬን የምታበጥረኝ፣ አፍንጫዬን የምትጠርግልኝ፣ ስዋሽ የምትቆነጥጠኝ አክስቴ ናት። የምንተኛውም አንድ አልጋ ላይ ነበር። እሷ ብትጠፋ ለአባቴ እህት፣ ለአያቴ ልጅ ነው የሚጎድላቸው፤ ለእኔ ግን ሁሉም ነገር ነው የሚጎድለኝ። በዚያ ሰሞን ስተኛ እግሬን እግሯ ላይ እጭን ነበር፤ ሲወስዳት እንድነቃ ብዬ።

ሠርግ ሲኖር አባቴ ካሜራ፣ አክስቴ መብራት ይዘው ይወጣሉ። አባቴ በሙያው የታወቀው በአንድ ነገር ነው፤ ሰው ወደሚያይበት አያይም። «ሙሽራዋንማ ሁሉም ያያታል» ይል ነበር፤ «ሁሉም የሚያየውን ለመቅረጽ እኔን ምን አስጠራቸው?» ቀለበት ሲጠለቅ ካሜራውን ወደ ሙሽራዋ እናት ያዞርና በጠረጴዛ ልብስ አፍንጫዋን ስትጠርግ ይቀርጻታል። ኬክ ሲቆረስ ወደ ሙሽራው አጎት ያዞርና የራሱን ድርሻ በፌስታል ሲቋጥር ይይዘዋል። ያ የፌስታል ነገር ሁለት ቤተሰብ አኳርፎ ነበር። ቢሆንም ሰዎች ይወዱት ነበር፤ ሠርጋቸው ላይ ያላዩትን ሁሉ የሚያሳያቸው እሱ ነዋ።

ምትሃተኛው ወደ ሱቃችን የመጣው ሊቀረጽ ፈልጎ ነው። ረጅምና ቀጭን ሰው ነው፤ ኮቱ ለእሱና ለአንድ ሌላ ሰው ይበቃል። ሻንጣው በገመድ የታሰረ ነው። ሻንጣው ላይ በቢጫ ቀለም «ፕሮፌሰር» ተብሎ ተጽፏል፤ ምን እንዳስተማረ የጠየቀው የለም። አያቴ ገና ስታየው መጋረጃው ላይ ቆመች።

«ጠንቋይ እዚህ ቤት አይገባም!» አለች።

«እማማ፣ ጠንቋይ አይደለሁም» አላት ጎንበስ ብሎ። «የእጅ ቅልጥፍና ነው።»

«ሌባም ሲያዝ እንደዚያው ነው የሚለው» አለችና ገባች። እኔ ይህን ነገር በልቤ ያዝኩት።

የመጣበት ጉዳይ ይህ ነው። ቴሌቪዥን ጣቢያው ለልጆች ፕሮግራም የሚሆን ምትሃተኛ ይፈልጋል፤ ተወዳዳሪ ሁሉ ሥራውን በካሴት ቀርጾ ማስገባት አለበት። ግን ቀረጻው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆረጥ፣ ሳይቀጠል መሆን አለበት ተብሏል፤ መቁረጥና መቀጠል ከተፈቀደማ ማንም ተነስቶ ምትሃተኛ ይሆናል። አባቴ ተስማማ። ችግሩ የሠርግ ወቅት ስለነበር ባዶ ቀን አልተገኘም። ስለዚህ ምትሃተኛው ባዶ ቀን ተገኝቶ እንደሆነ ለመጠየቅ መመላለስ ጀመረ። በመጣ ቁጥር ግን አባቴ ለደንበኞች ካሴት ሊያደርስ ወጥቷል፤ ባንኮኒው ላይ ያለችው አክስቴ ናት። ያኔ ዕድለ ቢስ ሰው መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የአባቴን መውጫና መግቢያ የዚያን ሰውዬ ያህል አጥንቶ የያዘ አልነበረም።

እኔ መጋረጃው ሥር በሆዴ ተኝቼ አያቸዋለሁ። ቀይ ኳስ ከመዳፉ ያጠፋል፤ አክስቴ አፏን በእጇ ይዛ ትስቃለች። እጁን ወደ ጆሮዋ ይልካል፤ ኳሱ እዚያ ይገኛል። አንድ ቀን እጁ ከጆሮዋ ሲመለስ ከኳሱ ጋር የጸጉር ፒኗም አብሮ መጣ። ፒኑን አየው፣ አየችው፣ ኪሱ ከተተው። አልጮኸችም! ዕቃዋ ዓይኗ እያየ ሲሰረቅ ዝም ያለችው አደንዝዟት ነው ብዬ ደመደምኩ። ቆይታ አክስቴ ራሷ እንደነገረችኝ ከሆነ፣ የሻንጣው ቁልፍ ተበላሽቶበት ስለነበር በፒኗ እንዲከፍት የፈቀደችለት እሷው ናት። «ታዲያ ለምን አልመለሰልሽም?» ስላት «አልጠየቅኩትማ» አለችኝ።

ሻርፑም እንደዚሁ ነው። የእሱን መሀረብ አይጥ በልቶበት ነበርና የራሷን ሰጠችው። ልብስ ሰፊዋ የምትባል ሴት ደግሞ ጭራሽ አልነበረችም፤ ሁለቱ ሰፈሩን ሲዞሩ ነው የሚውሉት። እኔ ይህን ከየት አውቃለሁ? እኔ የማውቀው ማዕድ ቤት ውስጥ የሰማሁትን ብቻ ነው።

«ይቺ ልጅ ከእጃችን እየወጣች ነው» አለች አያቴ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«የቷ ልጅ?» አለ አባቴ። የካሜራ ባትሪ እየጠረገ ነበር።

«እህትህ ናታ! ዓይንህ የት ነው ያለው?»

«ምን ሆነች?»

«ትናንት ሻይ ውስጥ ጨው ጨመረች።»

«ጨውና ስኳር እኮ ይመሳሰላሉ፣ እማዬ።»

«እኔ ስናገር ማን ይሰማኛል! አንድ ቀን ብድግ ብሎ ይወስዳታል፤ ያኔ ቁጭ ብለህ ትቀርጻታለህ።»

አያቴም ታውቃለች ማለት ነው! የሰው ሠርግ ላይ የወደቀ ቁልፍ የማያመልጠው አባቴ ግን ምንም አልታየውም። እንግዲህ ሥራው የእኔ ነው አልኩ። ምትሃተኛውን እጅ ከፍንጅ እይዘዋለሁ፤ ያውም ካሜራ እያየው።

በመጨረሻ ሠርግ የሌለበት አንድ እሑድ ተገኘ። ካሴቱ የሚገባበት የመጨረሻ ቀን ደግሞ ሰኞ ጠዋት ነበር። ምትሃተኛው ተላጭቶ፣ ጸጉሩን በውኃ አስተኝቶ መጣ። አባቴ ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ጨርቅ ወጠረ፤ አክስቴ መብራቱን ያዘች፤ አያቴ ወንበር ስባ እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች፤ «ዓይኔን አልነቅልበትም» አለች። እኔ ደግሞ በርጩማ ላይ ከምትሃተኛው ፊት ለፊት ተቀመጥኩ፤ ፕሮግራሙ የልጆች ስለሆነ ልጅ መታየት አለበት ተብሎ ነው። መጨረሻ ላይ ከጆሮዬ እንቁላል ያወጣል። ስጠየቅ እምቢ ባለማለቴ ሁሉም ተገረሙ። ምን እንዳሰብኩ ቢያውቁ ኖሮ ይበልጥ ይገረሙ ነበር።

«ክቡራንና ክቡራት! ልጆችና የልጅ ልጆች!» ብሎ ጀመረ ምትሃተኛው። «ይህችን ኳስ ይመልከቱ!» ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰደደ። ሁላችንም ቀና አልን፤ አያቴ እንኳ ሳታስበው አንገቷን መዘዘች። ካሜራውን ቁልቁል ያዞረው አባቴ ብቻ ነው።

ካሴቱን ወደኋላ አጠንጥነን በሱቁ ቴሌቪዥን ላይ አየነው። ቀኝ እጁ የለም። ቴሌቪዥኑን የሞላው ግራ እጁ ነው፤ ኳሷን በሁለት ጣት ቆንጥጦ ወደ ኮቱ ኪስ ሲሸኛት፣ የኪሱ የተተረተረ ክር ሳይቀር ይታያል።

«ውይ ውይ ውይ!» አለች አያቴ። «ኪሱ ውስጥ ነዋ!» እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። የጠንቋይ ፍርሃቷ እዚያው ላይ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ለሰውየው ሻይ አፍልታለታለች።

እኔ ግን አልሳቅኩም። የማየው ነገር ሁሉ ጥርጣሬዬን እያጠናከረው ነው። ዕቃው ሁሉ የሚገባው ኪሱ ውስጥ ነው ማለት ነው። ሰው ደግሞ ባንድ ጊዜ ኪስ ውስጥ አይገባም። አክስቴን ቀስ በቀስ፣ ፒን በፒን፣ ሻርፕ በሻርፕ የሚወስዳት ለዚህ ነዋ! ኮቱስ ያን ያህል የሰፋው ለምን ሆነና?

«ጋሼ፣ እባክዎን» አለ ምትሃተኛው ላቡን እየጠረገ። «እኔ ወደማሳይዎት ብቻ ይመልከቱ። ወደ ሌላ አይሂዱብኝ።»

«እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ» አለ አባቴ።

ሁለተኛው ቀረጻ ላይ ሻርፑን ሲያጠፋ አባቴ ጥቂት ታገሠ። ወደ ቀኝ እጁ ሲባል ወደ ቀኝ እጁ፣ ወደ ፊቱ ሲባል ወደ ፊቱ አየ። ከዚያ ካሜራው ቀስ እያለ፣ ማንም ሳይጠራው፣ ወደ ክርኑ ተንሸራተተ። ስናየው ሻርፑ በእጅጌው ውስጥ ሲሸጎጥ እጅግ ጥሩ ሆኖ ተቀርጿል። ሰማያዊ ነው፤ ጠርዙ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ አለው። አክስቴን አየኋት፤ ወደ ጣሪያው እያየች ነበር።

ለሦስተኛው አባቴ ማለ። አክስቴን ደግሞ «ወደ ሌላ ስዞር ትከሻዬን ጎትቺኝ» አላት። ምትሃተኛው በሕይወቱ እንደዚያ አሳምሮ ሠርቶ አያውቅም፤ ኳሷ ከየት እንደመጣች፣ ሻርፑ ወዴት እንደሄደ ማንም አላወቀም። እኔ እንኳ ፈዝዤ ሳልይዘው እንቁላሉን ከጆሮዬ አወጣ። በደስታ ወደ ቴሌቪዥኑ ተሰበሰብን። ከዳር እስከ ዳር የሚታየው አያቴ ስታዛጋ ነው።

«ምን ላድርግ!» አለ አባቴ። «ሁሉም ሰው ምትሃቱን ሲያይ እማዬ አዛጋች። እንዴት አድርጌ ልለፋት?»

«ለጎረቤት ብታሳይ ውርድ ከራሴ!» አለች አያቴ።

አባቴ ካሜራውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ እጁን አየው። «ወንድሜ፣ እጄ እምቢ አለኝ። ዕድሜ ልኬን ያስለመድኩትን ዛሬ አልሰማም ይለኛል። ሌላ ሰው ፈልግ።»

ሌላ ሰው ከየት ይመጣል? ጀምበሯ መስኮቱ ላይ ያለችውን ሙሽራ አልፋ ወለሉ ላይ ደርሳለች። ምትሃተኛው ሻንጣው ላይ ተቀመጠ። ሲሠራ እንዲያ የሚበሩት ጣቶቹ አሁን ጉልበቱ ላይ ዝም ብለዋል። «እንግዲህ ለእኔ አልተባለም» አለ። ጠላቴ ቢሆንም ትንሽ አሳዘነኝ።

«እኔ ልያዘው» አለች አክስቴ።

አባቴ ዞረ። «አንቺ ከመብራት በስተቀር ምን ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«ሁልጊዜ ከጎንህ አይደል የምቆመው? ሳይ ሳይ ለምጄዋለሁ።» መብራቱን ወንበር ላይ አስደገፈችና ካሜራውን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ከዚያ ወደ ምትሃተኛው፤ «ተነስ በቃ! አሁን እኮ ይመሻል» አለችው። ወዲያው ፊቷ ቀላ። «ማለቴ… ይነሱ፣ ፕሮፌሰር።»

አያቴ ሻይዋን ከአፏ መለሰች። አባቴ ምንም አልሰማም፤ አዲስ ካሴት እየፈታ ነበር።

ተጀመረ። «ክቡራንና ክቡራት!» አለ። ኳሷ ጠፋች፤ መጣች። ሻርፑ ጠፋ፤ መጣ። አባቴ ወደ ኪሱ እንዳያይ ዓይኑን በሁለት እጁ ሸፍኗል። ከዚያ ምትሃተኛው ወደ እኔ መጣ፤ ባዶ መዳፉን አሳየኝ፤ ወደ ጆሮዬ ዘረጋው። ክንዱን ግጥም አድርጌ ያዝኩት።

«አክስቴን መልስ!» አልኩ።

የሚሰማው የካሜራው ድምፅ ብቻ ነው።

«ምን አልሽ፣ የእኔ እመቤት?» አለ፣ የመድረክ ፈገግታው ፊቱ ላይ ደርቆ።

«ፒኗን ወስደሃል! ሻርፗን ወስደሃል! ምሳዋን ወስደሃል፣ አትበላም! ከሰዓት በኋላም ትወስዳታለህ፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ አትሄድም፣ አንድ ቀሚስ አምጥታ አታውቅም! ኪስህ ውስጥ እያጠራቀምካት ነው። መልሳት!»

እንቁላሉ ከጣቶቹ አምልጦ እግሬ ሥር ፈረጠ። ምትሃተኛው ኮቱን ሰብስቦ እንቁላሉ መሀል ተንበረከከና ፊቱን ከፊቴ ትክክል አደረገ። እያየ ያለው ግን እኔን አልነበረም፤ ከእኔ በላይ ወዳለው ካሜራ ነበር።

«መመለሻውን ገና አልተማርኩትም» አለ።

«ይኸው!» ብላ አያቴ ጭኗን መታች። «እኔ ስናገር ማን ሰማኝ!»

«ምንድን ነው የምትባባሉት?» አለ አባቴ፣ ዓይኑን እንደሸፈነ።

ካሴቱ ወደኋላ ተጠነጠነ። እኔ ቴሌቪዥኑ ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ፤ ማስረጃዬ ሊታይ ነው። ምስሉ መጣ። የምትሃተኛው ፊት። «ይህችን ኳስ ይመልከቱ!» ይላል ድምፁ፤ የሚታየው ግን ኳሷ አይደለችም፤ ፊቱ ነው። ሻርፑ ሲጠፋ፣ ፊቱ። ሻርፑ ሲመጣ፣ ፊቱ።

«እጁን! እጁን!» አለ አባቴ ወንበሩን እየደበደበ። «ዝቅ በይ እንጂ! ምን ሆነሽ ነው?»

ቴሌቪዥኑ ላይ የእኔ ጩኸት መጣ፤ እኔ ግን የለሁም፣ ክንዱም የለም፣ እንቁላሉም የለም። ፊቱ ብቻ ነው፤ ፈገግታው እየሟሸሸ፣ እየሟሸሸ ሄዶ ከሥሩ የሚፈራ አንድ ተራ ሰው ወጣ። ያ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ እኛ አየና «መመለሻውን ገና አልተማርኩትም» አለ። የምስሉ ጫፍ እንኳ አልተነቃነቀም።

አባቴ መጮኹን አቁሞ ነበር። ዞሮ እህቱን አያት፤ ለረጅም ጊዜ አያት። በየሰው ሠርግ ማንም ያላየውን ሲለቅም የኖረ ሰው፣ ጎኑ መብራት ይዛ የቆመችውን እህቱን ያየው ያን ቀን ነው። አሁን ይህን ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል፤ ያኔ ግን የተናደድኩበት ሌላ ነገር ነበር።

«ምንም አልቀረጸችም!» ብዬ አለቀስኩ። «ሌብነቱ አልወጣም!»

«ዝም በይ አንቺ» አለች አያቴ፤ በሻይ ፎጣ ዓይኗን እየጠረገች። «ሁሉም ወጥቷል።»

አባቴ «መብራቱ ግን… ጥሩ ወድቆበታል» አለና ቴሌቪዥኑን አጠፋው።

መሽቶ ሌላ መቅረጽ ስላልተቻለ ምትሃተኛው ሰኞ ጠዋት ይህንኑ ይዞ ሄደ። ቴሌቪዥን ጣቢያ ያሉት ሰዎች እስከ መጨረሻው አይተው «ምትሃቱ የታለ?» አሉት። አልተመረጠም። እያፏጨ ነው የተመለሰው። አያቴ ደግሞ «ወላጆችህን ይዘህ ና» ብላ ቀን ቆርጣለት ነበር። እኔ ይህን ስሰማ እፎይ አልኩ፤ ጥፋተኛ ተማሪ ወላጅ አምጣ እንደሚባል አውቃለሁ።

በቀጠሮው ቀን እናቱና አጎቱ መጡ። እናቱ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ በሁለት እጅ ይዛ ተቀመጠች፤ አጎቱ ባርኔጣውን የት እንደሚያኖር ጠፍቶት ሲያገላብጠው ቆየ። ምትሃተኛው መሀል ላይ አንገቱን ደፍቷል። አባቴ ለወትሮው የማያስረውን ከረባቱን አስሮ ትይዩ ተቀመጠ። ፍርድ ቤት አይቼ ባላውቅም ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለ አባቴ፣ እንደማያውቀው ሰው።

«ጫማ ቤት ሻጭ ነኝ።»

«ይጠጣል?»

«ውኃ ሲጠጣም ከጆሮው ያወጣዋል እንጂ አይውጠውም» አለች እናቱ በኩራት።

«ያጨሳል?»

«ከአፉ መሀረብ እንጂ ጭስ ወጥቶ አያውቅም።»

አክስቴ መጋረጃው ኋላ ሆና ሳቋን ስታፍን ሰማኋት። ለእኔ የሚያስቅ ነገር አልነበረም። ማንም ዋናውን ጥያቄ እየጠየቀ አይደለም። ተነስቼ ቆምኩ።

«ኪሱን ፈትሹት» አልኩ።

እናቱ ደነገጠች፤ አጎቱ ባርኔጣውን ጣለ። አባቴ ሊቆጣኝ አፉን ሲከፍት አያቴ «ልጅቷ እውነቷን ነው፤ ይፈተሽ» አለች። ምትሃተኛው ኪሱን ጠረጴዛው ላይ አራገፈ። ቀይ ኳስ ወጣ። ሌላ ቀይ ኳስ ወጣ። ሻርፑ ወጣ። ግማሽ ብስኩት ወጣ። መጨረሻ ላይ፣ ከደረት ኪሱ፣ በንጹሕ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ወጣ፤ ሲፈታ የአክስቴ የጸጉር ፒን ነው።

«ይኸው!» አልኩ። አሸነፍኩ! እናቱ ፊቷን በቦርሳዋ ሸፈነች። ሁሉም ፒኑን አዩት።

«እንግዲህ ከተያዘ ምን ይደረጋል» አለች አያቴ ቀስ ብላ። «ይውሰዳት።»

አባቴም «ይውሰዳት» አለ፤ ተነስቶ ሌባውን ሳመው። አጎቱ አባቴን ሳመው። ሁሉም ሁሉንም ሳመ። ሌባ ሲያዝ የቀረውን ንብረት አሳልፎ የሚሰጠው እንዲህ ያለ ፍርድ ቤት እስከ ዛሬም አልገጠመኝም። ጠረጴዛው ሥር ገብቼ አለቀስኩ። አክስቴ ስትለምነኝ አልወጣሁም፤ አባቴ ሲቆጣኝ አልወጣሁም። ትንሽ ቆይቶ የጠረጴዛው ልብስ ተገለጠና ረጅሙ ሰውዬ ጉልበቱን ከአገጩ ጋር አጣብቆ አጠገቤ ገባ።

«እማረዋለሁ» አለኝ በሹክሹክታ። «መመለሻውን።»

«ይከብዳል?»

«ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። ግን እማረዋለሁ።»

አላመንኩትም።

የእህቱን ሠርግ አባቴ አልቀረጸም፤ ተፎካካሪውን ቀጥሮ ቀኑን ሙሉ ከኋላው ቆሞ «ወደ እማዬ አዙረው! አሁን! አለቀሰች እኮ!» እያለ አናደደው። አክስቴ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አልጋው ሰፊ ሆነብኝ። ጸጉሬን አያቴ ታበጥረኝ ጀመር፤ የአያቴ ማበጠሪያ ደግሞ ርኅራኄ አያውቅም። ልጅ ሳለሁ ከደረሱብኝ ነገሮች ሁሉ የዚያን ሳምንት ያህል የከበደኝ የለም። ሳቅ ብዬ የማወራው ዛሬ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ የሱቁ በር ተንኳኳ። ከፈትኩት። ምትሃተኛው ብቻውን ቆሟል፤ ከአንደኛው የበሩ መቃን እስከ ሌላኛው የአልጋ አንሶላ ዘርግቶ፣ አንዱን ጫፍ በእጁ ይዞ፣ ሌላውን ምስማር ላይ አንጠልጥሎ። ኮቱን ለብሷል። ፊቱ በላብ ርሷል።

«ክብርት እመቤት!» አለ። «አንድ ሰው ጠፍቶብሻል ይባላል። እውነት ነው?»

እጄን አጣጥፌ አየሁት።

«ወደዚህ እጄ ተመልከቺ!» ቀኝ እጁን ወደ ላይ ሰደደው፤ ጣቶቹን አርገበገበ። አያቴ ከኋላዬ ቀና ብላ አየች። እኔ ግን የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ወደ ታች አየሁ። ከአንሶላው ሥር ሁለት ጫማ ቆሟል። የአክስቴ ጫማ ነው። ጫማው ውስጥ እግሯ አለ፤ የግራው ትንሽ ይቁነጠነጣል። አንሶላው ደግሞ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። በሕይወቴ እንደዚያ የተበላሸ ምትሃት አይቼ አላውቅም፤ ዓይን ያለው ሁሉ ያየዋል። አባቴም አየው፤ ከጎኔ ቆሞ አንገቱን ቁልቁል ደፍቷል። አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።

አንሶላው ወደቀ። «ይኸው!» አለ ምትሃተኛው። አክስቴ ቆማለች፤ ፒኗን አድርጋለች፤ እጇን ዘርግታለች።

መዳፌ እስኪያመኝ አጨበጨብኩ። ከዚያ እንደ ትልቅ ሰው ኮስተር ብዬ ወደ እሱ ዞርኩ።

«የሚቀጥለው እሑድም ሥራው» አልኩት።